ምልክቱን ማን ያንብበው?

በአንድ የብራና ድጓ ገጽ ላይ ዐይኑን የጣለ ሰው ሁለት ዓይነት ጽሕፈት ያያል። አንደኛው በጉልህ የሠፈረው የግዕዝ ንባብ ነው። ሁለተኛው ከንባቡ በላይ፣ በመስመርና በመስመር መካከል፣ እንደ ጤፍ ፍሬ በደቀቀ ፊደል የተለቀመው ምልክት ነው። የመጀመሪያውን የቋንቋ ሊቅ ያነበዋል። ሁለተኛውንስ ማን ያንብበው? የቋንቋው ሊቅ «ይህ ዜማ ነው፤ የሙዚቃ ሰዎችን ጠይቁ» ይላል። የሙዚቃው ባለሙያ ቀርቦ ሲመለከተው የሚያገኘው ፊደል ነውና «ይህማ ግዕዝ ነው፤ የቋንቋ ሰዎችን ጠይቁ» ብሎ ይመልሰዋል። ብራናውም በሁለቱ ደጃፍ መካከል እንደ ባለጉዳይ ሲመላለስ ይኖራል።

ነገሩ ለቀልድ የቀረበ አይደለም። «የእውቀት ዘርፎች ይተባበሩ፤ ኪነ ጥበብ፣ ታሪክ፣ ቋንቋና ፍልስፍና እጅ ለእጅ ይያያዙ» የሚለው መፈክር በየዐውደ ጥናቱ መክፈቻ ይሰማል። ሰብሳቢው ይለዋል፤ የክብር እንግዳው ይደግመዋል፤ ተሰብሳቢው ያጨበጭባል። ከዚያ በኋላ የታሪኩ ምሁር ስለ ታሪክ፣ የሥነ ጽሑፉ ምሁር ስለ ሥነ ጽሑፍ፣ የሙዚቃው ምሁር ስለ ሙዚቃ ያዘጋጀውን በየተራው አንብቦ ይወርዳል። ጽሑፎቹ በአንድ ጥራዝ ይታተማሉ፤ ጥራዙም «ዘርፈ ብዙ ጥናት» የሚል ስም ይሰጠዋል። ጤፍና ሽንብራ በአንድ ስልቻ ስለ ተከተቱ ግን እንጀራ በሽሮ ቀረበ አይባልም።

እንግዲህ መነሳት ያለበት ጥያቄ «ዘርፎቹ ይተባበሩ ወይስ አይተባበሩ?» የሚለው አይደለም። በዚህ የሚከራከር የለም፤ ቢኖርም በአደባባይ አይናገርም። ጥያቄው ትብብሩ ከየት ይጀምራል የሚለው ነው። ከባለሙያዎች ስም ዝርዝር ይጀምራል ወይስ ከሚጠናው ነገር? ትብብር ሊጀምር የሚችለው አንድ ባለሙያ ብቻውን ሊጨርሰው የማይችለው ነገር ፊቱ ሲደቀንበትና አለመቻሉን ሲያምን ብቻ ነው። ይህን እምነት ያላስቀደመ ጉርብትና ጉርብትና ሆኖ ይቀራል።

ወደ ምልክቱ መመለስ ያስፈልጋል፤ ማስረጃው እርሱ ነውና። በቤተ ክርስቲያኒቱ ትውፊት መሠረት ዜማው የ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሊቅ የቅዱስ ያሬድ ድርሰት ሲሆን ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ በሚባሉ ሦስት ስልቶች ይዜማል። ለብዙ ዘመን በቃል ሲተላለፍ ከኖረ በኋላ የዛሬው ምልክት የተበጀለት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት (እ.ኤ.አ. 1540–1559) በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደ ሆነ ይነገራል። ምልክቶቹ በሁለት ወገን ይከፈላሉ። ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ርክርክ፣ ቁርጥና የመሳሰሉት በነጥብና በጭረት የሚጻፉ ሆነው ድምፁ የሚነሳበትን፣ የሚወድቅበትን፣ የሚረግጥበትን ያመለክታሉ። የሁለተኛው ወገን ምልክቶች ግን ፊደላት ናቸው፤ ብዛታቸውም በመቶ ይቈጠራል። እነዚህ ፊደላት እንደ አውሮፓው ኖታ የአንድ ድምፅ ከፍታና እርዝማኔ መጠሪያ አይደሉም። ከአንድ የታወቀ የዜማ ቃል ወይም ሐረግ ተቈርጠው የተወሰዱ ምሕጻረ ቃላት ናቸው። መልእክታቸውም «ያን ሐረግ በስፍራው እንዳዜምኸው ይህንንም እንደዚያው አዚም» የሚል ነው። የመጀመሪያውን ሐረግ ከነዜማው በቃሉ ያልያዘ ሰው ምልክቱን ፊደል በፊደል ሊያነበው ይችላል፤ ምልክቱ ግን ለእርሱ ዲዳ ነው።

ከዚህ የሚከተለውን ልብ ማለት ይገባል። በዚህ ሥርዓት የዜማው ምልክት ራሱ ጽሑፍ ነው፤ የጽሑፉም ትርጉም ራሱ ዜማ ነው። አንዱን ከአንዱ ለይቶ «የእኔ ድርሻ ይህ ነው» ማለት አይቻልም። ግዕዙን ትቶ ዜማውን ብቻ በአምስት መስመር ላይ የሚያሰፍር ባለሙያ የአንድ ዕለት የአንድ መሪጌታ ድምፅ ይይዛል እንጂ ያ ድምፅ ከየትኛው ሐረግ እንደ ተጠቀሰ፣ ለምን በዚህ በዓል እንደ ተጠቀሰ፣ ምን እንዲያስታውስ እንደ ታሰበ አይይዝም። ዜማውን ትቶ ንባቡን ብቻ የሚያርም የጽሑፍ ሊቅም በሁለት ብራናዎች መካከል የቃል ልዩነት ሲያገኝ የጸሐፊ ስሕተት ነው ብሎ ሊፈርድ ይችላል፤ ልዩነቱ ከዜማው የመጣ ቢሆንስ? ይህን ጥያቄ ለማንሳት እንኳ ጆሮ ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎችን በማይክሮ ፊልም የማንሳት ሥራ በሺህ የሚቈጠሩ መጻሕፍትን ከጥፋት አድኗል። ይህ ታላቅ ውለታ ነው፤ በዚህ ሥራ የደከሙትን ማቃለል ነውር ነው። ነገር ግን ፊልም አያዜምም። የብራናው ርዝመትና ስፋት፣ የቅጠሉ ብዛት፣ የጽሕፈቱ ዘመን፣ የባለቤቱ ስም ከተመዘገበ በኋላ «የዜማ ምልክት አለው» ተብሎ ሲታለፍ መዝገቡ የተሟላ ይመስላል። የተመዘገበው ግን የዕቃው መኖር ነው። ምልክቱን አይቶ የሚያዜመው መምህር ሲያልፍ ፊልሙ በመዝገብ ቤት፣ ምልክቱ በፊልሙ ላይ ደኅና ሆነው ይቈያሉ፤ ዜማው ግን ተቀብሯል። እዚህ ላይ ያለው አደጋ የንድፈ ሐሳብ አደጋ አይደለም።

በትብብሩ ላይ የቆሙ ሁለት ተቃራኒ ወገኖች አሉ። አንደኛው ወገን የድንበር ጠባቂው ነው። ይህ ሰው የራሱን ሙያ ጠንቅቆ ያውቃል፤ በዚያም ይከበራል። «እውቀት የሚጠልቀው ሲጠብ ነው» ይላል። አባባሉ ባዶ አይደለም። የግዕዝ ሰዋስው ሳይማር ግዕዝን የሚተች፣ ቅኝት ሳይለይ ስለ ሙዚቃ የሚያወራ በበዛበት ጊዜ የሙያን ክብር የሚጠብቅ ሰው ምስጋና እንጂ ወቀሳ አይገባውም። ስሕተቱ የሚጀምረው ሙያው የተሠራለትን ነገር ረስቶ ነገሩን ለሙያው እንዲመች መቍረጥ ሲጀምር ነው። የድጓው ገጽ ለሁለት ሲቈረጥ ሕመሙ የሚሰማው ሰው ከጠፋ ያ ሙያ ጠለቀ ማለት አይቻልም። በዚህ ላይ የሹመትና የዕድገት ነገር አለ። ከሁለት ክፍል በተውጣጡ ምሁራን የተጻፈ ጥናት ለየትኛው ክፍል ይቈጠር? ማን ይመዝነው? ለማንኛቸው ነጥብ ይያዝ? ብዙ የተከበረ የንድፈ ሐሳብ ክርክር ቢላጥ ከሥሩ የሚገኘው ይህ የቢሮ ጥያቄ ነው።

ሁለተኛው ወገን የመፈክሩ ባለቤት ነው፤ ከመጀመሪያውም ይልቅ ጐጂው እርሱ ነው። ይህ ሰው ድንበር አያውቅም፤ የሚጠብቀው ማሳ የለውምና። ዛሬ ስለ ሥዕል፣ ነገ ስለ ቅኔ፣ ከነገ ወዲያ ስለ ዘመን አቈጣጠር ይጽፋል። ከአንዱ መጽሐፍ መግቢያ፣ ከሌላው መደምደሚያ ያነሣል። ሥዕል ቤት ገብቶ ቀለም አልበጠበጠም፤ ቅኔ ቤት ገብቶ አንዲት ባለ ሁለት ቤት ጉባኤ ቃና እንኳ ቈጥሮ በመምህር ፊት ሲታረም አላፈረም። ዘርፈ ብዙነት ለእርሱ ከየትኛውም ሙያ ዳኝነት ማምለጫ ነው። የቋንቋ ሰዎች ሲተቹት «እኔ የሙዚቃ ሰው ነኝ» ይላል፤ የሙዚቃ ሰዎች ሲይዙት «ነገሩን ከባህል አንጻር ነው ያየሁት» ይላል። ድንበር ጠባቂው በሩን የሚዘጋው ይህን ሰው አይቶ ነው፤ ስለዚህ የትብብር ጠላቶች ከተቃዋሚዎቹ ይልቅ በአጨብጫቢዎቹ መካከል ይገኛሉ።

የሁለቱ ስሕተት በአንድ ሰው ሕይወት ላይ እንዴት እንደሚታይ አለቃ ገብረ ሐና ምስክር ናቸው። የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመኑን ሊቅ የማያውቅ የለም። ስማቸው ሲነሳ ግን ሰው ሁሉ አስቀድሞ ይሥቃል፤ የሚታወቁት በቀልዳቸውና በነገር አዋቂነታቸው ነውና። የቃል ሥነ ጽሑፍ ሰብሳቢው ቀልዶቻቸውን ቈጥሮ ይይዛል። የቋንቋው ሰው የኅብረ ቃሉን አሠራር ይተነትናል። ነገር ግን በልጃቸው በተክሌ ስም የሚጠራው የተክሌ አቋቋም ከእርሳቸው እንደ ፈለቀ፣ በጣና ዳር ደንገሉ በነፋስ ሲወዛወዝ አይተው የመቋሚያውን ዝማሜ እንደ ቀረጹ በሊቃውንቱ ዘንድ ይተረካል። ይህ ትረካ እውነት ከሆነ ሰውዬው ባለ ቅኔ፣ ባለ ቀልድና የውዝዋዜ ቀማሪ ነበሩ ማለት ነው። የውዝዋዜ ጥናት እርሳቸውን የሚያውቃቸው እንደ ቀልደኛ፣ የሥነ ጽሑፍ ጥናትም መቋሚያቸውን የሚያውቀው እንደ ዱላ ከሆነ ግን ገብረ ሐና ገና አልተጠኑም። ቃልን ከሁለት ወገን የሚያስጠራ ያ አእምሮ አካልን በግራና በቀኝ ሲያዘምም ያደረገው አንድ ሥራ ነበር ወይስ ሁለት? ይህን የሚመልስ ጥናት የሚጻፈው ቅኔውን በጆሮው፣ ዝማሜውን በጉልበቱ በሚያውቅ ሰው ነው።

አንዳንዶች እዚህ ላይ ፊታቸውን ያጠቍራሉ። «ይህ ሁሉ የቤተ ክህነት ጉዳይ ነው፤ ሰፊው ሕዝብ ድጓ አይዘልቅም» ይላሉ። ይሁን። እንግዲያው ከቤተ መቅደሱ ወጥቶ ወደ ጠጅ ቤት መሄድ ይቻላል። ትዝታ ምንድን ነው? የሙዚቃው ባለሙያ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ጋር የሚቈጠር ቅኝት ነው ይላል፤ ትክክል ነው። የሥነ ጽሑፉ ባለሙያ የመለያየትና የናፍቆት ግጥም የሚገጠምበት የዘፈን ዓይነት ነው ይላል፤ ይህም ትክክል ነው። ሐረር ቢወለድ፣ ጎንደር ቢያድግ፣ ዋሽንግተን ቢሰደድ አማርኛ የሚሰማ ሰው ደግሞ ቅኝቱንም ግጥሙንም ሳይለይ ስሙን ሲሰማ ዝም የሚልበት ስሜት ነው። አንድ ቃል የቅኝት፣ የዘፈንና የስሜት ስም የሆነው በድንገት አይደለም። ታዲያ አዝማሪው ማሲንቆውን ሲያነሳና አድማጭ ከተቀመጠበት ግጥም ሲነግረው፣ አዝማሪውም ተቀብሎ በቅኝቱ አስተካክሎ ሲመልሰው፣ ድርሰቱ የማን ነው? ግጥም ሰብሳቢው ስንኙን ገልብጦ ማሲንቆውን ይጥላል፤ ኖታ ጸሐፊው ማሲንቆውን ገልብጦ ስንኙን ይጥላል፤ ግጥም የነገረውን ሰው ሁለቱም አላዩትም። እርሱ ደግሞ ሰፊው ሕዝብ ነው።

በ1970ዎቹ በየክፍለ ሀገሩ የተቋቋሙት የኪነት ቡድኖች ይህን ችግር ሳያውቁት በመድረክ ላይ አሳይተዋል። የአጨዳና የውቂያ ዘፈን ከአውድማው ተነሥቶ መብራት ሥር ሲቀርብ ዜማው ነበረ፤ እንቅስቃሴው ነበረ፤ ልብሱም ከነበረው የተሻለ ነበር። በሬው ግን አልነበረም። የውቂያ ዘፈን ፍጥነቱን የሚወስደው ከሥራው ነው፤ የሚያዝበትና የሚለቀቅበትም ቦታ ከሠራተኛው ትንፋሽ ጋር የተሳሰረ ነው። ስለ እርሻ ሥራ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ከሙዚቃ አቀነባባሪው ጎን ቢቀመጥ ኖሮ መድረኩ ምን ባሳየ ነበር? ይህን የሚሉት ቡድኖቹን ለማንኳሰስ አይደለም፤ ከእነርሱ መካከል ስንት ድምፃዊና ተወዛዋዥ እንደ ወጣ ይታወቃል።

ትዝታ ከተነሣ አንድ መጽሐፍ ሳይነሣ አይታለፍም። ባለ ቅኔውና ጸሐፌ ተውኔቱ መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን ታሪክ ከአንደበታቸው ተቀብለው «መጽሐፈ ትዝታ» በሚል ስም አሳትመዋል። ይህ መጽሐፍ በየትኛው መደርደሪያ ይቀመጥ? የሕይወት ታሪክ ነው። የአብነት ትምህርት ቤት ታሪክም ነው፤ ተማሪው ከደብር ደብር እየዞረ ምን እንደ በላ፣ ከማን እንደ ተማረ፣ በምን እንደ ተቀጣ ይገኝበታል። የሚነገር አማርኛ በሊቅ አንደበት ምን እንደሚመስል የተያዘበት የቋንቋ ሰነድም ነው። መንግሥቱ ለማ ይህን ሲሠሩ የታሪክ፣ የቋንቋና የማኅበረሰብ ጥናት ክፍሎችን ስብሰባ አልጠሩም። ውጭ አገር የተማሩ ሰው ሆነው ሳለ በአባታቸው ፊት እንደ ተማሪ ተቀመጡ። ጸሐፌ ተውኔት ነበሩና ሰው ሲናገር የት እንደሚያቆም፣ የት እንደሚያስቀር፣ የት ነገር እንደሚያዞር ጆሯቸው ያውቃል። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ዘርፎቹ ተባብረዋል፤ የተባበሩትም በአንድ ሰው ጆሮ ውስጥ ነው።

ይህን የሰማ ወግ አጥባቂ ደስ ይለው ይሆናል። «ድሮም አባቶች እውቀትን አልከፋፈሉም፤ መከፋፈል ከፈረንጅ የመጣ ነው» ለማለት ይቸኩላል። አልተሳካለትም። የአብነት ትምህርት ቤት ከማንም ባልተናነሰ ይከፋፍላል። ንባብ ቤት ሌላ፣ ዜማ ቤት ሌላ፣ ቅኔ ቤት ሌላ፣ መጻሕፍት ቤት ሌላ ነው። የድጓ ማስመስከሪያው ቤተ ልሔም፣ የዝማሬና መዋሥዕቱ ዙር አምባ፣ የአቋቋሙ ጎንደር ነው። ለቅኔ ደግሞ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዋድላ እየተባለ በቤት ይለያል፤ ባለ ዋሸራውና ባለ ዋድላው ሲተቻቹ የሰማ ሰው ከዘመናዊው ዩኒቨርሲቲ የባሰ የድንበር ክርክር ያገኛል። ልዩነቱ ሌላ ላይ ነው። ከዚህ ሁሉ ቤት የወጡት ሊቃውንት በበዓል ቀን በአንድ ቅኔ ማኅሌት ይገናኛሉ። በዚያ ባለ ቅኔው የሚዘርፈው ቅኔ በተወሰነለት የዜማ ስፍራ መግባት አለበት፤ ባለ ድጓው ያንን ስፍራ ይይዝለታል፤ ባለ አቋቋሙ ከበሮና ጸናጽሉን ይመራል። ቅኔው ከዜማው ቢወጣ፣ ዝማሜው ከቃሉ ቢፋለስ ስሕተቱ ወዲያው በሁሉ ፊት ይሰማል። ዘርፎቹን የሚያስተባብራቸው በዓሉ ነው። የዘመናዊው ጥናት ችግር መከፋፈሉ ሳይሆን ማኅሌት የሌለው መሆኑ ነው፤ የታሪኩ ሰው ቢሳሳት የሙዚቃው ሰው ዜማ አይበላሽበትም።

ማኅሌት መሥራት ይቻላል፤ በከፊል ተሠርቶም ታይቷል። ኬይ ካውፍማን ሸለሜይና ፒተር ጄፈሪ ስለ ኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ያዘጋጁት ባለ ሦስት ቅጽ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1997 ታትሟል። አንዷ የሕያው ሙዚቃ ተመራማሪ፣ ሌላው የጥንታዊ የዜማ ጽሑፎች ታሪክ አዋቂ ናቸው። አንዷ የሚዜመውን ስትሰማ ሌላው በየዘመኑ የተጻፉ ብራናዎችን ሲያስተያይ፣ በመካከላቸው የአገሩ የዜማ ሊቅ ድምፅ መሠረት ሆኖ ሲሰማ፣ ምልክቶቹ ከየትኛው ሐረግ እንደ ተቈረጡ በዝርዝር ሊቀመጥ ቻለ። ምልክቱን ለማንበብ አንድ ሰው አልበቃም። ሥራውን ማድነቅ ፍርድ ነው። ከአድናቆቱ ጋር ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል። እንዲህ ያለው ሥራ የግዕዝ ትምህርትና የሙዚቃ ትምህርት በአንድ ከተማ በሚሰጡበት በአዲስ አበባ የዕለት ተዕለት ልማድ ያልሆነው ለምንድን ነው? የመሣሪያ እጥረት ነው እንዳይባል፣ የተፈለገው መቅረጫና ጠረጴዛ ነው። የገንዘብ ነው እንዳይባል፣ ለአንድ ዐውደ ጥናት ምሳና አበል የሚወጣው ለአንድ መሪጌታ የዓመት ቀለብ ይተርፍ ነበር።

እውነተኛው እንቅፋት ያለው መሪጌታው በሚጠራበት ስም ላይ ነው። በጥናት ጽሑፎች ውስጥ ስሙ «መረጃ ሰጪ» ነው። ድጓን ከዳር እስከ ዳር በቃሉ የያዘ፣ ለዚያም የወጣትነቱን ዓመታት በቍራሽና በቅል ውኃ ያሳለፈ፣ ተማሪ አስተምሮ ያስመሰከረ ሰው ከጠያቂው ፊት በወንበር ጫፍ ተቀምጦ ድምፁን ይሰጣል፤ ጠያቂው ይመረቅበታል። ምስጋና በመግቢያው ገጽ ላይ በአንድ መስመር ይሰፍራል። ስለ ዘርፎች ትብብር የሚሟገቱት ሁሉ ስንት ዘርፍ እንዳለ ሲቈጥሩ የእርሱን ዘርፍ አልቈጠሩትም። እርሱ ግን ምልክቱን ከሚያነቡት ሁሉ ቀዳሚው ነው፤ ያለ እርሱ የቋንቋውም የሙዚቃውም ሰው በደጅ ይቀራሉ።

ስለዚህ ጥያቄው የሚቀርበው ለጉባኤ አዘጋጆች ሳይሆን ለመመረቂያ ጽሑፍ ፈታኞች ነው። በዜማ ምልክት ላይ የተጻፈ የመመረቂያ ጽሑፍ ለፈተና ሲቀርብ ከቋንቋው መምህርና ከሙዚቃው መምህር ጎን ሦስተኛ ወንበር ይዘጋጅ። መሪጌታው በእርሱ ላይ ይቀመጥ። ተመራቂው ከተረጐመው ገጽ አንዱን ይግለጥና ያዚም። መሪጌታው «ይህ ሐረግ ከየት ተጠቀሰ?» ብሎ ይጠይቀው። ሲያቅተው ያርመው። የፈተናው ውጤት ሲጻፍም በፊርማው ቦታ ላይ የእርሱ ስም ከሁለቱ ጋር እኩል ይስፈር።